መርከቡ በ11 ሰዓት ይነሣል፤ ወደብ በስንት ሰዓት ልድረስ?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ፣ አቶቴ ሰፈር ነው የምኖረው። ከመምህርነት ጡረታ ስወጣ ጣሊያን ያለችው ልጄ አብረን የምንሄድበት የአንድ ሳምንት የክሩዝ መርከብ ጉዞ ገዛችልኝ። መርከቡ ከሮም ይነሣል ተብሏል። ትኬቱ ላይ 17:00 ይላል። አውሮፕላኔ ሮም የሚያርፈው በዚያው ዕለት ጠዋት ነው። ልጄ «እኩለ ቀን ላይ ወደቡ ብንደርስ ይበቃል» ትላለች። ወንድሜ ደግሞ «ሳይነጋ በሩ ላይ ተገኚ» ይለኛል። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ረጅም ሰልፍ አልችልም። የማንን ልስማ?

መልስ፦

እናቴ፣ እንኳን ለጡረታዎ አበቃዎት። ልጅዎንም ይባርክልዎት።

በሰዓቱ ጉዳይ ልጅዎ ልክ ናት። እኔን ያስጨነቀኝ በረራዎ ነው። መርከቡ በሚነሣበት ዕለት ጠዋት ሮም መድረስ ልብ የሚያንጠለጥል ነገር ነው። እባክዎ ዛሬውኑ ይደውሉላትና በረራውን በአንድ ቀን ታስቀድመው።

ምክንያቱን ልንገርዎት። ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ከመጡ ሻሸመኔ ወይም ሞጆ ላይ መንገድ ሊጨናነቅ ይችላል። ከዚያ ቦሌ፣ ከዚያ በረራው፣ ሮም ሲደርሱ ደግሞ የፓስፖርት ሰልፍና ሻንጣ መጠበቅ አለ። በዚህ አያበቃም። መርከቡ «ከሮም» ይባል እንጂ የሚነሣው ቺቪታቬኪያ ከምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። ከሮም ወደ 70 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ቴርሚኒ ከሚባለው ትልቁ ጣቢያ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከእነዚህ ሁሉ አንዱ ቢዘገይ መርከቡ ቆሞ አይጠብቅዎትም። ቀጣዩ ወደብ ላይ የሚቆምበት ቦታና ሰዓት አስቀድሞ ተይዟል።

እዚህ ሐዋሳ ትኬት ቢሮ ስሠራ የማልረሳቸው ባልና ሚስት ነበሩ። እንደ እርስዎ መርከቡ በሚነሣበት ዕለት ነበር የሚያርፉት። እነሱ ደረሱ፤ ሻንጣቸው ትራንዚት ላይ ቀረ። መርከቡ ላይ ወጡ፣ ሻንጣው ግን በየወደቡ እየተከታተለ ሊደርስባቸው አልቻለም። አንድ ሌሊት ሮም ወይም እዚያው ቺቪታቬኪያ ቢያድሩ ኖሮ ሻንጣው በማግስቱ ይመጣላቸው ነበር። የአንድ ሌሊት ሆቴል ውድ ነው የሚል ሰው ሲገጥመኝ ይህን ነው የምነግረው።

አሁን ወደ ሰዓቱ። 17:00 ማለት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ በጣሊያን ሰዓት ማለቴ ነው። ነገር ግን 11 ሰዓት መርከቡ የሚንቀሳቀስበት ሰዓት ስለሆነ እርስዎን አይመለከትም። የእርስዎ ሰዓት ቼክ ኢን፣ ማለትም የተሳፋሪ ምዝገባው፣ የሚዘጋበት ነው። አብዛኞቹ ድርጅቶች ከመነሻው ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል አስቀድመው ይዘጋሉ፤ ከዚያም በፊት የሚዘጉ አሉ። ትኬቱ ላይ ተጽፏል። ልጅዎ ፈልጋ ታስምርበት። ያ ሰዓት ካለፈ፣ መርከቡ ፊት ለፊትዎ ቆሞ እያዩት እንኳ አያስገቡዎትም፤ የተሳፋሪው ዝርዝር ተዘግቷላ።

ወንድምዎ ለእርስዎ አስበው ነው፣ ግን ሳይነጋ መሄዱ ትርፉ ድካም ነው። በዚያ ጠዋት ያለፈው ሳምንት መንገደኛ ገና እየወረደ ነው። በትልልቆቹ መርከቦች ይህ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ነው። ክፍሎቹ ይጸዳሉ፣ አንሶላ ይቀየራል፣ ምግብ ይጫናል። አዲስ ተሳፋሪ መግባት የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከረፋዱ 5 ሰዓት አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት ለሚያም ጉልበት የሚሆን ምንም ነገር የለም።

ልጅዎ ኦንላይን ቼክ ኢን ስታደርግ የመድረሻ ሰዓት እንድትመርጥ ትጠየቃለች። ለእርስዎ ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ያለውን እመርጥ ነበር። የመጀመሪያው ግፊያ ይቀንሳል፣ ከገቡ በኋላም ክፍልዎ እስኪዘጋጅ ብዙ አይጠብቁም። የመረጡትን ሰዓት ያክብሩ፤ ቀድመው ቢሄዱ ውጭ ሊያስቆሙዎት ይችላሉ። ስለ ጉልበትዎም አሁኑኑ ለድርጅቱ ታስታውቅ። ተሽከርካሪ ወንበር ያዘጋጃሉ፣ ሰልፍም ያሳጥሩልዎታል። በዚያው ዕለት በር ላይ ከመጠየቅ አስቀድሞ መጻፉ በብዙ ይሻላል።

ወደቡ ሰፊ ነው። ከባቡር ጣቢያው ላርጎ ዴላ ፓቼ ወደሚባለው ቦታ በአውቶቡስ ይኬዳል፤ ከዚያ ሌላ አውቶቡስ ተሳፋሪ እስከሚስተናገድበት ሕንፃ፣ እስከ ተርሚናሉ ያደርሳል። ለእርስዎ ታክሲ ይሻላል ባይ ነኝ። ተርሚናሉ ጋ ትልቁን ሻንጣ ይቀበሉዎታል። ክፍልዎ የሚደርሰው አመሻሽ ላይ ሊሆን ስለሚችል መድኃኒትዎን፣ ፓስፖርትዎንና አንድ ነጠላ በእጅ ቦርሳ ይያዙ። ቋንጣና ቅቤ ግን ገና ኤርፖርት ላይ ይወሰዳሉ፤ ሥጋና የወተት ውጤት ከአገራችን ይዞ አውሮፓ መግባት አይፈቀድም። እጣንና የኤሌክትሪክ ምድጃም መርከብ ላይ ክልክል ነው፣ እሳት ስለሚፈራ። ጀበናዎ ቤት ይቆይ።

አንድ የማልዘለው ነገር ቪዛ ነው። የሸንገን ቪዛዎ፣ ማለትም ጣሊያንን ጨምሮ ብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚጠቀሙበት ቪዛ፣ ስንት ጊዜ እንደሚያስገባ ይዩ። መርከቡ ቱኒዝያ ወይም ቱርክ የሚነካ ከሆነ ከሸንገን ወጥተው ተመልሰው ሊገቡ ነውና ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልግዎታል። ስለ ቱኒዝያና ስለ ቱርክ ቪዛም ድርጅቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። ወረቀት ካልተሟላ ቀድሞ መድረስ አያድንም።

ከገቡ በኋላ የደኅንነት ልምምድ አለ። የነፍስ አድን ጃኬት እንዴት እንደሚለበስና የት እንደሚሰበሰቡ ያሳዩዎታል። ደክሞኛል ብለው እንዳይቀሩ። እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለው መርከብ ከዚሁ ከቺቪታቬኪያ ተነሥቶ በዚያው ምሽት ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከዐለት ጋር ተጋጨ። 32 ሰዎች ሞቱ። በዚያ ዕለት ከተሳፈሩት ውስጥ ብዙዎቹ ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር፤ ያኔ ሕጉ እስከ 24 ሰዓት ማቆየትን ይፈቅድ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ግን መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም ወዲያው እንደተነሣ እንዲደረግ ዓለም አቀፍ ሕጉ ያስገድዳል። መጨረሻ ላይ የሚደርስ ሰው ይህን በጥድፊያ ነው የሚሰማው።

በየከተማው ሲወርዱም መመለሻ ሰዓት ይነገራል፤ ብዙ ጊዜ ከመነሻው ግማሽ ሰዓት ቀደም ይላል። የሚቆጠረውም በመርከቡ ሰዓት ነው። ስልክዎ በየአገሩ ራሱን ሊቀይር ይችላልና የእጅ ሰዓትዎን ከመርከቡ ጋር አስተካክለው ይውረዱ።