በራስ አቅም የቴክኖሎጂ ፖድካስት ኔትወርክ ማስተዳደር፦ ጥያቄና መልስ

ከአንድ በላይ ፕሮግራም ለምታዘጋጁ ወይም ልትጀምሩ ላሰባችሁ። ጥያቄዎቹ አጠር ተደርገዋል።

ጥያቄ፦ ሦስት ፕሮግራም አለን። ሁሉንም በአንድ ፊድ ብናወጣቸው ይሻላል?

መልስ፦ አይሻልም። ለእያንዳንዱ የራሱን አርኤስኤስ ፊድ (የፖድካስት አፖች አዲስ ክፍል መውጣቱን የሚያነቡበት ፋይል) ክፈቱለት። ስለ ስልክ ጥገና ሊሰማ የመጣ ሰው የፕሮግራሚንግ ክርክር በላይ በላዩ ሲወርድበት ጥሎ ይሄዳል። ሁሉንም ለሚፈልግ አራተኛ፣ ጥቅል ፊድ ጨምሩ። ዋናው ነገር ግን የፊዱ አድራሻ በራሳችሁ ዶሜይን፣ ማለትም በስማችሁ ባስመዘገባችሁት የድረ ገጽ ስም ላይ መሆኑ ነው። ማይክ ይቀየራል፣ አዘጋጅ ይቀየራል፤ አድራሻው የሰው ከሆነ ግን አድማጩም የሰው ነው።

ጥያቄ፦ የእኛ አድራሻ የድምፅ ፋይሎቻችንን በሚያስቀምጥልን የሆስቲንግ ድርጅት ዶሜይን ላይ ነው። ብንለቅ አድማጭ እናጣለን?

መልስ፦ በወጉ ከሄዳችሁበት አታጡም። መጀመሪያ ክፍሎቹን በሙሉ ወደ አዲሱ ሆስቲንግ አስገቡና ፊዱን በአንድ አፕ ከፍታችሁ አጫውቱት። ከዚያ አሮጌው አድራሻ በ301 ሪዳይሬክት (አድራሻው ለዘለቄታው መቀየሩን ለአፖች በሚነግር ትእዛዝ) ወደ አዲሱ ይምራ፤ አዲሱ ፊድ ውስጥም አፕል ለአድራሻ ለውጥ ያዘጋጀውን ታግ (አጭር የኮድ መስመር) አስገቡ። አፕል ቢያንስ 4 ሳምንት አቆዩት ይላል። በእኔ በኩል አሮጌውን አካውንት ለወራት ባትዘጉት እመርጣለሁ፣ ፊድ ቶሎ የማያድስ አፕ ሞልቷል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የክፍሉ መለያ ላይ ነው፣ ጉይድ የሚባለው። በዝውውሩ ከተቀየረ አፑ የድሮውን ክፍል እንደ አዲስ ይቆጥረዋል፤ በራሱ የሚያወርድ ስልክ ላይ የቆዩ ክፍሎች እንደገና ይወርዱና የአድማጩን ዳታ ይበላሉ። የሁለቱን ፊድ ኮድ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ጥቂት መለያዎች አመሳክሩ። ሪዳይሬክቱን ከዚያ በፊት እንዳትነኩት!

ጥያቄ፦ እንግዳዬ ዋሽንግተን ነው፣ እኔ አዲስ አበባ። ድምፁ እየተቆራረጠ አስቸገረኝ።

መልስ፦ በኢንተርኔት የሚመጣው ድምፅ ለመነጋገሪያ ብቻ ይሁን። ሁለታችሁም በየኮምፒውተራችሁ በዋቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት)፣ በ48 ኪሎኸርዝ የናሙና ፍጥነት ቅረጹ፤ መስመሩ ቢቆረጥም ቀረጻው አይነካም። ሄድፎን ግዴታ ነው፣ አለዚያ የእሱ ድምፅ ባንተ ማይክ ይገባል። ሲጀመርም ሲያልቅም ቆጥራችሁ አብራችሁ አጨብጭቡ። በመጀመሪያው ጭብጨባ ትራኮቹን ታገጣጥማለህ። መጨረሻው ላይ ክፍተት ካየህ የሁለቱ መሣሪያዎች ሰዓት እኩል አልሄደም ማለት ነው፤ አንዱን ትራክ በጥቂቱ ሳብ ማድረግ ያስተካክለዋል። የአንዱ ድምፅ ከቀጠነ ወይም ከወፈረ ግን ችግሩ ሌላ ነው፦ በ44.1 ኪሎኸርዝ የተቀረጸ ፋይል እንደ 48 ተከፍቷል፣ ወይም በተቃራኒው።

ጥያቄ፦ የድምፅ መጠኑና ቢትሬቱስ?

መልስ፦ አፕል የሚመክረው −16 ኤልዩኤፍኤስ (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) አካባቢ ነው፣ ጫፉ ከ−1 ዴሲቤል ሳያልፍ። ሦስቱም ፕሮግራም እኩል ይሁኑ። ቢትሬቱ፣ ማለትም በሰከንድ የሚቀመጠው ዳታ፣ ለንግግር በሞኖ (በአንድ ቻናል) 64 ኪሎቢት ይበቃል፤ አንድ ሰዓቱ 28.8 ሜጋባይት ነው። በ128 ደግሞ 57.6 ይሆናል፣ በቦት (በራሱ በሚልክ ፕሮግራም) ወደ ቴሌግራም ቻናል ለሚልክ ሰው ከ50 ሜጋባይት ጣሪያ በላይ ነው።

ጥያቄ፦ የቴሌግራም እይታንና የፊዱን ዳውንሎድ ደምሬ ለስፖንሰር ባቀርብስ?

መልስ፦ እህቴ፣ አትደምሪ። በአይኤቢ (የዲጂታል ማስታወቂያ ዘርፍ ማኅበር) መመሪያ ዳውንሎድ የሚባለው ቢያንስ የ1 ደቂቃ ድምፅ ሲወርድ ነው፤ ከአንድ አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር) እና ከአንድ ዓይነት አፕ በ24 ሰዓት ውስጥ የተደጋገመው አንዴ ብቻ ይቆጠራል። የቴሌግራም እይታ ፖስቱ መታየቱን እንጂ መደመጡን አይነግርሽም። ለየብቻ ጻፊያቸው። በሞባይል ኢንተርኔት ብዙ ስልክ አንድ አይፒ ስለሚጋራ የፊዱ ቁጥር ከእውነቱ ሊያንስ እንደሚችልም ለስፖንሰሩ ንገሪው፤ ይህን የሚያነሳ ሻጭ ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ አራተኛ ፕሮግራም መቼ እንጀምር?

መልስ፦ ኤዲተራችሁ ለሦስቱም ሁለት ሁለት ያለቀ ክፍል በእጁ ይዞ መቆየት ሲችል። የሽፋን ሥዕሉን ከወዲሁ በ3000 በ3000 ፒክስል አሠሩት፣ ከ1400 ካነሰ አፕል አይቀበለውም።