ዊንዶውስ 11 ላልተቀበለው ላፕቶፕ ምን ይሻላል?

ጥያቄህን አነበብኩት። ላፕቶፕህ ዊንዶውስ 11ን አልቀበል ስላለህ በ10 ልቀጥል፣ ሊኑክስን (በዊንዶውስ ቦታ የሚጫን ነፃ ሲስተም ነው) ልጫን ወይስ ማክ ልግዛ ነው ያልከው። ሦስቱንም ለሥራ ተጠቅሜባቸዋለሁ። ከሁሉም በፊት ግን የምትሠራባቸውን ፕሮግራሞች በዝርዝር ጻፍ። ውሳኔው ያለው እዚያ ነው።

እንጀራህ ፎቶሾፕ ወይም አውቶካድ ከሆነ ሊኑክስን እርሳው። ሁለቱም ለሊኑክስ አልተሠሩም። ዋይን በሚባለው፣ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ በሚያስነሳ ፕሮግራም በኩል ለማስኬድ የሚሞክሩ አሉ፤ ደንበኛ እየጠበቀህ ግን እሱን አምነህ ሥራ አትቀበልም። ሥራህ ብሮውዘር፣ ጽሑፍና ቪዲዮ ከሆነ ሊኑክስ ይበቃሃል። ሊብሬኦፊስ የሚባለው ነፃ የቢሮ ፕሮግራም የወርድ ፋይል ይከፍታል፤ ሠንጠረዥ የበዛበት ሰነድ ላይ ግን አቀማመጡ ሊዛነፍ ይችላል።

የማክ ሲስተም የሆነው ማክኦኤስ በይፋ የሚሠራው በአፕል ኮምፒውተር ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ማክ ማለት አዲስ ማሽን መግዛት ማለት ነው። ከእ.ኤ.አ. 2020 ወዲህ የአፕልን የራሱን ቺፕ የያዙት ላፕቶፖች ባትሪያቸው ግሩም ነው። ራሙ (የሥራ ሜሞሪው) ግን በኋላ አይጨመርም፤ ስትገዛ አትቆጥብ።

ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። መሥራቱን አያቆምም። የደህንነት አፕዴት በማያገኝ ማሽን ግን የባንክ አካውንቴን አልከፍትም።

እኔ አንተን ብሆን መጀመሪያ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነውን ሊኑክስ ሚንትን በፍላሽ እሞክር ነበር። 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል። የሚንትን ፋይል አውርደህ ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ትጽፈዋለህ፤ ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ቀድመህ አውጣው። ማሽኑን ስታስነሳ ኤፍ12ን ወይም አምራቹ የመደበውን ቁልፍ ተጭነህ ፍላሹን ምረጥ። ኢንስቶል የሚለውን እስካልነካህ ድረስ ዲስክህ ላይ ያለው ዊንዶውስ እንዳለ ይቆያል። ከፍላሽ ስለሚያነብ ይንቀራፈፋል፤ በፍጥነቱ አትፍረድበት።

ይልቅ ዋይፋዩን አገናኝ፣ ድምፁን ስማ፣ ካሜራውን ክፈት፣ ፕሪንተር ካለህ አንድ ገጽ አትም። ከዚያ ክዳኑን ዘግተህ ትንሽ ቆይና ክፈተው። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ወይም ዋይፋዩ ተመልሶ ካልመጣ፣ ከተጫነም በኋላ በየቀኑ የሚያማርርህ እሱ ነው። ብዙ ሰው ይህችን ሳይፈትሽ ይጭንና ወር ሳይሞላው ወደ ዊንዶውስ ይመለሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ላፕቶፑ እስካሁን የድሮውን ሃርድ ዲስክ ከያዘ፣ የትኛውም ሲስተም ይጎተትብሃል። መጀመሪያ በእሱ ቦታ ኤስኤስዲ (ፈጣኑን የዲስክ ዓይነት) አስገባለት። ሞዴሉንና ራሙን ከፕሮግራሞችህ ዝርዝር ጋር እዚህ ጻፍልን፤ የትኛው የሚንት ዓይነት እንደሚስማማው አብረን እናያለን።