ስሜን አስተካክላችሁ ጥሩልኝ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ውስጥ በነርስነት እሠራለሁ። ስሜ ጸጋነሽ ነው። በተቀጠርኩበት ሳምንት አንዷ «ሴጋ» አለችኝ፤ ዝም አልኩ። ይኸው ሦስት ዓመት ሞላኝ፣ ባጄ ላይ ሳይቀር «ሴጋ» ተብሎ ተጽፏል። አሁን አስተካክሉ ብል «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» አይሉኝም?

መልስ፦ ሊሉ ይችላሉ፤ ቢሉም የአንድ ቀን ወሬ ነው። ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ ከንቀት ሳይሆን ከምላስ ልማድ የሚመጣ ነው። የእንግሊዝኛ ቃል በ«ጸ» አይጀምርም። ለ«ጽ» የምትቀርብ ድምፅ ያለቻቸው ቃል መጨረሻ ላይ ነው፤ ድመቶች ለማለት «ካትስ» እንደሚሉት። ስለዚህ ቲ እና ኤስ ቃል መጀመሪያ ላይ ተያይዘው ሲመጡባቸው ቲዋን ይውጧታል። ከጃፓንኛ የወሰዱትን «ጹናሚ» ብዙዎቹ «ሱናሚ» የሚሉት ለዚህ ነው።

ማስተማሪያውም እዚያው አለ። «ካትስ» እንዲሉ ያድርጉ፤ ከዚያ «ካ»ን ጥለው የቀረችውን «ትስ» ይዘው «ኧጋነሽ» ብለው ይቀጥሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ካሏት ትወጣለች። ጉሮሮ ዘግተን የምናፈነዳት የእኛዋ «ጸ» ትክክል አትመጣም፤ እሷን ይተዉላቸው። ቲዋ ከተሰማች ስምዎ ስምዎን ይመስላል።

መጀመሪያ የሚያነጋግሩት የሥራ ፕሮግራም የሚያወጣውን ኃላፊ ይሁን፤ ስም የሚሠራጨው ከዚያ ወረቀት ነው። «ስሜ ጸጋነሽ ነው፤ ቀድሜ መናገር ነበረብኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ብትጠሩኝ ደስ ይለኛል» ማለት ይበቃል። ማብራሪያውን ባስረዘሙት ቁጥር እርስዎ ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስላል። ባጁን በዚያው ሳምንት ያስቀይሩ፤ አሮጌው አንገትዎ ላይ እያለ ማንም አፉን አያርምም። ከዚያ በኋላ ሲሳሳቱ ወሬውን ሳያቋርጡ «ጸጋነሽ» ብለው ሥራዎን ይቀጥሉ። በሽተኛ ፊት ግን አያርሙ፤ ኮሪደር ላይ ይንገሯቸው። አጭር ስም ከፈለጉም ራስዎ ይምረጡ፤ «ጸጊ» የቤት ስም ነው፣ «ሴጋ» ግን የማንም አይደለም።

ጥያቄ፦ ቪዛዬ ላይ በስሜ ቦታ «ኤፍ ኤን ዩ» የሚል ተጽፏል። ሐኪም ቤት ተራ ስጠብቅ «ሚስተር ፍኑ» ብለው ይጠሩኛል። እንዴት ይጠፋልኛል?

መልስ፦ «የመጀመሪያ ስም አይታወቅም» ለሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ምህጻረ ቃል ነው። የሚመጣው ፓስፖርት ላይ የራስ ስም መጻፊያው ባዶ ሆኖ ሙሉ ስም የቤተሰብ ስም ቦታ ላይ ሲገባ ነው።

የፓስፖርትዎን የፎቶ ገጽ ይመልከቱ። ግርጌው ላይ እያንዳንዳቸው 44 ፊደልና ምልክት የሚይዙ ሁለት መስመሮች አሉ። በላይኛው፣ ከአገር ኮዱ ቀጥሎ፣ የቤተሰብ ስም ይመጣል፤ ከዚያ ሁለት የማዕዘን ምልክቶች ተያይዘው («<<»)፣ ከዚያ የራስ ስም። የእርስዎም የአባትዎም ስም ከጥንዱ ምልክት በፊት ከተደረደሩ ጥፋቱ የተጀመረው ፓስፖርቱ ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መንጃ ፈቃዱን ለማስተካከል ቀድሞ በመሮጥ ነው። እያንዳንዱ ቢሮ ከሱ በፊት የወጣውን ወረቀት ስለሚያይ ከታች ወደ ላይ አይስተካከልም። ቅደም ተከተሉ ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድ (የአሜሪካ መኖሪያ ፈቃድ)፣ ሶሻል ሴኩሪቲ (የማኅበራዊ ዋስትና ካርድ)፣ በመጨረሻ መንጃ ፈቃድ ነው። ግሪን ካርዱ የሚታረመው በአይ-90 ቅጽ ነው፤ ፓስፖርቱ ትክክል ሆኖ ካርዱ ላይ የተሳሳቱት የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ሠራተኞች ከሆኑ ክፍያ የለውም። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ገልብጠው ከሆነ ግን የእነሱ ስህተት ተብሎ አይቆጠርም። የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ በኤስኤስ-5 ቅጽ ያለ ክፍያ ይለወጣል። ዜግነት ለመጠየቅ የደረሰ ሰው ደግሞ እዚያው ኤን-400 ቅጽ ላይ ስም መቀየር መጠየቅ ይችላል፤ ለውጡን የሚያጸድቀው ፍርድ ቤት ነው።

ጥያቄ፦ እኔ አልማዝ ተሰማ፣ ባለቤቴ ከበደ ዓለሙ፣ ልጃችን ሣራ ከበደ። የልጄ አስተማሪ «ሚስስ ዓለሙ» ትለኛለች። በጣም ይከብደኛል።

መልስ፦ ቢከብድዎ አይገርምም፤ የተጠሩት በአማትዎ ስም ነው! በሲዳማና በከምባታ ባህል እኮ ምራት የአማቷን ስም መጥራት ቀርቶ በስሙ መነሻ ድምፅ የሚጀምሩ ቃላትን እንኳ በሌላ ቃል ትተካለች። ለአስተማሪዋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሯት፦ «በእኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም፤ ከስማችን ቀጥሎ ያለው የአባታችን ስም ነው፤ ወይዘሮ አልማዝ በይኝ»። ምሳሌ ከጠየቀች፣ በ1960 የሮም ኦሎምፒክ ማራቶንን ያሸነፈውን አበበን የውጭ ጋዜጦች «ቢቂላ» ማለታቸው አባቱን መጥራታቸው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅቱ ዋና ዳይሬክተር ቴድሮስ አድኃኖም ግን በራሳቸው ስም «ዶክተር ቴድሮስ» ይባላሉ፤ ሲፈለግ ይቻላል ማለት ነው።

ሦስታችሁም የተለያየ ስም ስለያዛችሁ ከልጅዎ ጋር ብቻዎን ሲጓዙ የልደት ምስክር ወረቀቷን ይያዙ፤ የእናትና የአባት ሙሉ ስም ያለበትን። ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ከፓስፖርቱ ጋር።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው የምሠራው። ባልደረባዬን «ዱጉማ» እለዋለሁ፤ ሌሎቹ ኦሮሞዎች ሲጠሩት ግን ሌላ ድምፅ ይሰማኛል። እሱ ምንም ብሎኝ አያውቅም።

መልስ፦ ይህን በመጠየቅዎ ደስ ብሎናል፤ ውጭ አገር ስማችን ሲሰበር የሚቆጨንን ያህል እዚህ የሌላውን ስንሰብር አይሰማንም። ስሙ ዹጉማ ነው፣ እውነት ከሚለው «ዹጋ» የመጣ። «ደ»ን ስንል የምላሳችን ጫፍ ጥርስ ሥር ነው። «ዸ»ን ለማለት የምላስዎን ጫፍ ወደ ኋላ አጥፈው ላንቃዎን ያስነኩ፤ አየሩን ወደ ውጭ ከመግፋት ይልቅ ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው ይልቀቁ። የመጨረሻዋን «ማ» ደግሞ ረዘም ያድርጓት፤ አማርኛ ስለማያስረዝም እኛ ሁልጊዜ እናሳጥራታለን።

ራሱን ይጠይቁት፦ «ስምህን እያበላሸሁ ይመስለኛል፤ እስቲ አንዴ በለው»። አዳምጠው ይድገሙት፣ እንደገና ያስደግሙት። በኋላ ሲያመልጥዎ ትክክለኛውን ተክተው «ይቅርታ» አንዴ ብቻ ብለው ወደ ጉዳይዎ ይግቡ። ደጋግመው ይቅርታ ካሉት እሱ እርስዎን ማጽናናት ሊጀምር ነው።