ስለ ሞንጎሉ የጦር አበጋዝ ሱቡታይ ያላችሁን ጥያቄ አምጡ

ሰላም ቤተሰብ፣ ስለ ጄንጊስ ካን ሁሉም ያወራል፣ እኔ ግን ዓመታት ያነበብኩት ስለ ጄነራሉ ስለ ሱቡታይ ነው። ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።

ጥያቄ፦ የመሳፍንት ዘር ነው እንዴ?
መልስ፦ ኧረ በጭራሽ፣ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነው። ጄንጊስ ካን ግን ጦር ለመምራት የሚያበቃ ችሎታ አይቶበት ነበር።

ጥያቄ፦ ሞንጎሎች ያሸነፉት በብዛታቸው ነው ይባላል፣ እውነት ነው?
መልስ፦ ወንድሜ ይሄን ስሰማ ያናድደኛል። በ1223 ካልካ ወንዝ ላይ እሱና ሌላው የሞንጎል ጄነራል ጀቤ የገጠሟቸው የሩስ (የዛሬው ሩሲያና ዩክሬን አካባቢ) መሳፍንትና ኪፕቻኮች የሚባሉት ዘላን ፈረሰኞች በቁጥር ይበልጧቸው ነበር። ምን አደረጉ መሰለህ፣ እየሸሹ መስለው ዘጠኝ ቀን ሙሉ ወደ ኋላ ሄዱ፣ አሳዳጆቹም አሸነፍን ብለው ሲከተሉ ሰልፋቸው ተበታተነ፣ አንዱ ከአንዱ ራቀ፣ ከዛ ዞረው መቷቸው።

ጥያቄ፦ ከውጊያዎቹ የቱን ታደንቃለህ?
መልስ፦ ያለ ጥርጥር የሞሂ ውጊያን፣ ሃንጋሪ፣ ሚያዝያ 1241። የጄንጊስ ካን የልጅ ልጅ ባቱ ሳዮ ወንዝ ድልድይ ላይ ድንጋይ በሚወረውር መሳሪያ እየደበደበ ሃንጋሪዎቹን እዛው ይዟቸው እያለ ሱቡታይ ከታች በኩል በሌሊት ሌላ ድልድይ አሠርቶ ተሻገረ። ድልድዩ ስለዘገየ ባቱ ብዙ ሰው አልቆበታል፣ ይሄንን መደበቅ አያስፈልግም። ከዛ የሃንጋሪዎቹን ሰፈር ከበው አንድ በኩል ክፍት ተዉላቸው! መውጫ ያየ ወታደር እስከ ሞት አይዋጋም፣ ይሮጣል፣ ሲሮጥ ደግሞ በፈረስ እየተከተሉ ጨረሱት። ከዚህ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ፖላንድ ውስጥ ሌግኒጻ ላይ ሌላው የሞንጎል ጦር እርዳታ ሊያመጣ የሚችለውን ኃይል ሰብሮት ነበር፣ ስልክ በሌለበት ዘመን ይህን ያህል ርቀት ማቀናጀት ለኔ ከሁሉም በላይ ነው።

ጥያቄ፦ ሩሲያን በበረዶ ወራት መውረር እብደት አይደለም?
መልስ፦ ለሌላው አዎ፣ ለነሱ ግን በረዶ የሆነው ወንዝ አስፋልት ማለት ነበር። የሩሲያዋ ከተማ ሪያዛን የወደቀችው በታህሳስ 1237 ነው።

ጥያቄ፦ ተሸንፎስ ያውቃል?
መልስ፦ አዎ እህቴ፣ ከካልካ በኋላ ሲመለሱ በቮልጋ ወንዝ አካባቢ የሚኖሩት የቮልጋ ቡልጋሮች አድፍጠው መቷቸዋል። በ1236 ግን ተመልሶ ሀገራቸውን አጠፋ፣ የሞተው ሕዝብ ብዛት ያሳዝናል፣ ብልሃቱን ሳደንቅ ይሄን ረስቼ አይደለም።

ጥያቄ፦ ታዲያ አውሮፓን ለምን ጥሎ ወጣ?
መልስ፦ የጄንጊስ ካን ልጅና ተተኪ ታላቁ ካን ኦጎዴይ በታህሳስ 1241 ሞተ፣ አዲስ ካን መመረጥ ስላለበት በ1242 ጦሩ ተመለሰ። ለፈረሶቹ የሣር እጥረት ነው የሚሉም አሉ፣ ለኔ ሁለቱም ተደማምረው ነው። ሱቡታይ በ1248 ሞንጎሊያ ውስጥ አርጅቶ ሞተ።