ከጀርባ ፈሳሽ መውሰድ ለምን ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ ወንድሜ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቱን ካቋረጠ ዓመት አልፎታል፤ ሲዲፎሩ (የመከላከል አቅምን የሚያሳየው የደም ሕዋስ ቁጥር) 40 ነው። ሦስት ሳምንት ራሱን ሲያመው ቆይቶ አሁን ያስመልሰዋል፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታየዋል። በደሙ ውስጥ ክሪፕቶኮከስ የሚባል ፈንገስ ምልክት ስለተገኘ ከጀርባው ፈሳሽ እንውሰድ አሉን። ቤተሰቡ ሽባ ይሆናል ብሎ ፈርቷል። የኤችአይቪ መድኃኒቱንም ቶሎ አናስጀምረውም ማለታቸው ግራ አጋብቶናል።

መልስ፦ እባካችሁ ዛሬውኑ ይወሰድለት። መርፌው የሚገባው ህብለ ሰረሰር ከሚያልቅበት በታች፣ ወገብ ላይ ነው፤ በዚህ ምክንያት ሽባ መሆን እጅግ ብርቅ ነው። ለጥቂት ቀናት ራስ ምታትና የወገብ ሕመም ሊኖር ይችላል። አንድ ጎኑ ከደከመ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ንቃቱ ከቀነሰ ግን በቅድሚያ የአንጎል ሲቲ ስካን ይታያል። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ሌላው ተጓዳኝ በሽታ አንጎል ውስጥ እብጠት ስለሚያበጅ፣ በዚያ ሁኔታ ፈሳሽ መውሰድ አደገኛ ሊሆን ይችላል።

የወንድምዎ ሕመም በዚህ ፈንገስ የሚመጣ ማጅራት ገትር ሳይሆን አይቀርም። አንገቱ አልደረቀም ብላችሁ አትዘናጉ፤ በዚህኛው ዓይነት ብዙ ጊዜ አይደርቅም። ፈንገሱ የአንጎል ፈሳሽ የሚወጣበትን መንገድ ስለሚደፍን ግፊቱ ያሻቅባል፤ ዓይን የሚያጠፋውም ሕይወት የሚቀጥፈውም አብዛኛውን ጊዜ ይህ ግፊት ነው። ስለዚህ መርፌው ምርመራም ሕክምናም ነው። ግፊቱ በጎን ተኝቶ ይለካል፤ ከ25 ሴንቲ ሜትር ውኃ በላይ ከሆነ ከ20 በታች እስኪወርድ ወይም እስኪጋመስ ፈሳሹ ይቀዳል። ራስ ምታቱ ካልለቀቀ በማግስቱም ይደገማል። «አንዴ ተወስዶለታል፣ ይበቃዋል» ብሎ እምቢ ማለት ብዙ ሰው አሳጥቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ያስቀደመው ሕክምና በመጀመሪያው ቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ሊፖዞማል አምፎቴሪሲን የሚባል ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ነው፤ በኪሎ 10 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 500 ሚሊ ግራም። ከእሱ ጋር ሌሎች ሁለት ፀረ ፈንገስ መድኃኒቶች፣ ፍሉሳይቶሲንና በቀን 1200 ሚሊ ግራም ፍሉኮናዞል፣ ለ14 ቀን ይወሰዳሉ። አምፎቴሪሲን ኩላሊትን ይጎዳል፣ ፖታሲየምንም ያወርዳል፤ ፍሉሳይቶሲን ደግሞ የደም ሕዋሳትን ይቀንሳል። የደም ምርመራው በየጊዜው የሚደጋገመው ለዚህ ነው። ከዚያ ፍሉኮናዞሉ 800 ሚሊ ግራም ሆኖ 8 ሳምንት፣ ቀጥሎም 200 ሚሊ ግራም ሆኖ ቢያንስ አንድ ዓመት ይቀጥላል።

የኤችአይቪ መድኃኒቱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት መዘግየቱ ትክክል ነው። ፈንገሱ ሳይቀንስ ቢጀመር፣ የሚያንሰራራው የመከላከል አቅም አንጎል ውስጥ ከባድ ብግነት ይቀሰቅሳል። ከተጀመረ በኋላም ራስ ምታቱ ካገረሸበት ቀጠሮ ሳትጠብቁ ውሰዱት፤ ግፊቱ እንደገና መለካት አለበት።