መፈክሩ አለ፤ ፀቡም አለ

ጥያቄ፦ ርዕሰ መምህር ነኝ። «እንከባበር» የሚል ጽሑፍ በየግድግዳው ሰቅለናል፤ ሰኞ ሰኞ በሰልፍ ላይ ምክር እንሰጣለን። ስድቡና ግፊያው ግን ያው ነው። ምን ቀረን?

መልስ፦ ቦታውን መለየት። ፀብ ግቢ ውስጥ በሁሉም ቦታ እኩል አይነሳም፤ መጸዳጃ ቤት፣ ደረጃ፣ ከሕንፃ ጀርባ፣ የዕረፍት ማብቂያ ደቂቃዎች ላይ ይበዛል። የግቢውን ንድፍ በአንድ ገጽ አሥለው ለተማሪዎች ያድሉ። እነሱም ስማቸውን ሳይጽፉ የሚፈሩበትን ቦታ በቀይ፣ ደስ የሚላቸውን በአረንጓዴ ያቅልሙ፤ 15 ደቂቃ ይበቃል። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ሲያዩ ቀዩ የት እንደበዛ ይገለጣል። እዚያ መምህር ይመድቡ። ተመዳቢው ጥግ ይዞ ስልኩን የሚነካካ ከሆነ ግን መኖሩም አለመኖሩም አንድ ነው፤ ይዘዋወር፣ ልጆቹን በስማቸው ይጥራ፣ ከቁጣ በፊት ሰላምታ ያስቀድም።

ቀጥሎ «እንከባበር»ን በዓይን ወደሚታይ ድርጊት ይለውጡት። ደረጃ ላይ መከባበር ማለት አንዱን ወገን ይዞ ሳይጋፉ መውረድ ነው፤ ክፍል ውስጥ ደግሞ ጓደኛ ሲሳሳት አለመሳቅ። ከ3 እስከ 5 ደንብ ይበቃል፤ ከዚያ ከበለጠ መምህሩም አያስታውሰውም። ልጆቹን ቦታው ድረስ ወስዶ ማለማመድ፣ ከረጅም ዕረፍት ሲመለሱም መድገም ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው አንዱ መምህር ያለፈውን ሌላው ሲቀጣ ነው። ተማሪን «ደደብ» የሚል መምህር ባለበት ግቢ ደግሞ መፈክሩን ማንም አያምነውም።

ከሁሉም የምናስበልጠው ሥራ ይህ ነው። በመምህራን ስብሰባ ላይ የተማሪዎችን ስም ዝርዝር ይለጥፉ፤ እያንዳንዱ መምህር ከውጤቱ ሌላ አንድ ነገር የሚያውቅለትን ተማሪ ስም አጠገብ ነጥብ ያኑር። ጎበዞቹና ረባሾቹ ነጥብ በነጥብ ይሆናሉ፤ ባዶ የሚቀሩት አብዛኛውን ጊዜ ዝምተኞቹ ናቸው። ባዶ ለቀረ ልጅ አንድ መምህር ይመደብለት፤ በቀን 2 ደቂቃ፣ ለ10 ተከታታይ የትምህርት ቀናት፣ ውጤትም ጠባይም ሳያነሳ ያጫውተው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት መልሱ «ደህና» ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው የሚተዉት እዚህ ጋ ነው። ጨዋታው ወደ ምክር ሲዞርም ልጁ ይሸሻል። ዝርዝሩን ተማሪ እንዳያየው፤ ሥራው ሲያልቅ ይቀደድ።

ጥያቄ፦ ሁለት ተማሪዎቼ ተደባደቡ። በክፍሉ ፊት «ይቅርታ» አሰኝቼ አጨባበጥኳቸው፤ በማግስቱ ብሶ አገኘሁት።

መልስ፦ ንዴት ሳይበርድ የተባለ ይቅርታ ለተመልካች ነው። መጀመሪያ ይለያዩአቸው፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይለፍ። ከዚያ ለየብቻ፣ ሰው በሌለበት ይጠይቁ፦ ምን ተፈጠረ? ያኔ ምን አሰብክ? ማን ተጎዳ? ለማስተካከል ምን ታደርጋለህ? በ«ለምን» አይጀምሩ፤ «ለምን» የተባለ ልጅ ሰበብ ይደረድራል። የሚያገናኙአቸው ሁለቱም ፈቃደኛ ሲሆኑ ብቻ ነው። የሚስማሙበትም ነገር የሚጨበጥ ይሁን፤ ለምሳሌ ደብተር የቀደደ ልጅ ማስታወሻውን ገልብጦ ይመልስ። ከ2 ቀን፣ ቀጥሎም ከሳምንት በኋላ እንዴት እንደሆኑ ይጠይቁ።

አንዱ ሌላውን ለረጅም ጊዜ ሲያስጨንቅ የኖረ ከሆነ ግን ነገሩ ፀብ ሳይሆን ጥቃት ነው። ፊት ለፊት ማገናኘት ተጠቂውን እንደገና ያስፈራዋል፤ ደህንነቱን ያስቀድሙ፣ ወላጆችንም ለየብቻ ይጥሩ።

ጥያቄ፦ ወላጅ ነኝ። ይህ ሁሉ የትምህርት ሰዓት አይሻማም?

መልስ፦ ትንሽ ይሻማል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ማኅበራዊና ስሜታዊ ክህሎት (ስሜትን መግዛት፣ ከሰው ጋር መግባባትና የመሳሰለውን) የሚያስተምሩ 213 ፕሮግራሞችን፣ ከ270,000 በላይ ተማሪዎችን መርምሮ የትምህርት ውጤት በአማካይ 11 ፐርሰንታይል ከፍ ማለቱን አግኝቷል፤ ከመቶ ልጆች መሀል ላይ የነበረ አንድ ተማሪ 11 ያህሉን አልፎ እንደመሄድ ነው። አተገባበሩ በተዝረከረከበት ግን ጥቅሙ ሳስቷል።

ጥያቄ፦ የረባሾችን ስም ሰሌዳ ጥግ ላይ እጽፋለሁ። ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው። ስሙ በየቀኑ የሚጻፍ ልጅ ረባሽነትን እንደ መታወቂያው ይይዘዋል፤ ጓደኞቹም በዚያው ያውቁታል። ወንበሩ አጠገብ ጎንበስ ብለው በዝግታ አንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሩትና ዘወር ይበሉ፤ መልስ ጠብቀው ከቆሙ እልህ ውስጥ ይገባል።