ከርት ዋርነር በእርግጥ ከመደርደሪያ ሥር ነው የተገኘው?

ጥያቄ፦ ለገና ከአሜሪካ የመጡት አጎቴ፣ ከርት ዋርነር የሚባል የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች በሱፐርማርኬት ዕቃ ሲደረድር ቆይቶ በአንድ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ ብለው አጫወቱን። እውነት ነው? ኳርተርባክ የሚባለውስ ምን ዓይነት ተጫዋች ነው? (አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አጎትዎ የነገሩዎት እውነት ነው፤ «በአንድ ጊዜ» የሚለው ግን እርማት ያስፈልገዋል።

ኳርተርባክ ቡድኑ ሲያጠቃ ኳሱን ተቀብሎ ለማን እንደሚወረውር ወይም ለማን እንደሚያስረክብ የሚወስነው ተጫዋች ነው። በመንዝ ሜዳ የገና ጨዋታ ላይ ዕሩሯን ያገኘ ሁሉ ይመታል፤ እዚህ ግን ጥቃቱ ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ያልፋል፣ ያም ሰው ተከላካዮች ደርሰው ሳይጥሉት ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መወሰን አለበት።

ዋርነር በ1994 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን ነው) ከኖርዘርን አይዋ ዩኒቨርሲቲ ሲወጣ የመረጠው ቡድን አልነበረም፤ ግሪን ቤይ ፓከርስም ለሙከራ ወስዶ አሰናበተው። በሴዳር ፎልስ ከተማ በሰዓት 5.50 ዶላር እየተከፈለው ሌሊት ሌሊት ዕቃ የደረደረው ያን ጊዜ ነው። ብዙ ሰው ከዚህ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ዋንጫው ይዘላል፤ በእኔ ግምት ግን ተጫዋቹን የሠራው በመካከል ያለው ነው። ከ1995 እስከ 1997 በአይዋ ባርንስቶርመርስ፣ በአዳራሽ ውስጥ የሚካሄደውን አሬና ፉትቦል ተጫወተ፤ ሜዳው 50 ያርድ (46 ሜትር ገደማ) ብቻ፣ ማለትም የዋናው ግማሽ በመሆኑ፣ ኳስ ይዞ የሚያመነታ ወርዋሪ መድረሻ ስለማይኖረው ዋርነር ፈጥኖ መወርወርን ለመደ። በ1998 ደግሞ አምስተርዳም ድረስ ሄዶ በአውሮፓ የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ተሰለፈ።

በ1999 የሴንት ሉዊስ ራምስ ቋሚ ኳርተርባክ ትሬንት ግሪን ውድድሩ ሳይጀመር ጉልበቱ ተጎዳና ተራው ለ28 ዓመቱ ዋርነር ደረሰ። በዚያ ዓመት 41 ተችዳውን (ኳሱን ከተጋጣሚ የግብ መስመር አሻግሮ ነጥብ ማግኘት) ያስገኙ ኳሶችን ወርውሮ የሊጉ ኮከብ ተባለ፤ በጃንዋሪ 2000 በተደረገው የሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ፣ በሱፐር ቦውልም በ414 ያርድ ውርወራ ታግዞ ራምስ ቴነሲ ታይታንስን 23 ለ16 አሸነፈ። የቴነሲው ተጫዋች በመጨረሻው ቅጽበት ከግብ መስመሩ አንድ ያርድ ሲቀረው ተይዞ ባይወድቅ ኖሮ ጨዋታው ወደ ጭማሪ ሰዓት ሊያመራ ይችል ነበርና፣ ዕድልም የራሷ ድርሻ ነበራት።

በ2001 ዳግመኛ ኮከብ ሆነ፤ ከዚያ በጉዳትና በውጤት ማጣት ቦታውን አጣ፣ በኒው ዮርክ ጃይንትስም ለወጣቱ ኢላይ ማኒንግ ለቀቀ። ያበቃለት ሲመስል አሪዞና ካርዲናልስን ለ2009ኙ ሱፐር ቦውል አደረሰ፤ በፒትስበርግ ስቲለርስ ቡድን 27 ለ23 ተሸነፉ። በ2010 ጫማውን ሰቀለ፤ በ2017 ስሙ በታላላቆቹ መዘክር ውስጥ ገባ።